በቃሬዛ የተሻገረችው ተማሪ

አንዲት አሜሪካዊት ተማሪ ነበረች፤ ስሟ ክሌር ይባላል። ዩኒቨርሲቲዋ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ተማሪዎችን ወደ ሌላ አገር እየላከ ቋንቋ ያስተምራል። ክሌር አማርኛ መማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበርና ሁለቱን የዕረፍት ወር ኢትዮጵያ ገጠር ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጣ እንድትማር ተመረጠች።

ይህች ልጅ ዝግጅት ታውቃለች። የሚያስፈልጋትን ሁሉ በዝርዝር ጻፈች፤ ዝርዝሩ ስድሳ አራት ቁጥር ደረሰ። የፓስፖርቷን ቅጂ ሦስት ቦታ አስቀመጠች። ክትባቷን ጨረሰች። የኛ አገር ሶኬት ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቃ የሚስማማ መሰኪያ ገዛች። የውሃ ማጣሪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ ድንገት ብትታመም ሄሊኮፕተር ሳይቀር ይልካል የተባለ የኢንሹራንስ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ተሟላ። የዘነጋችው ነገር ቢኖር እሷ በጋ የምትለው ወቅት እዚህ ክረምት መሆኑን ነው፤ ሰፊ የፀሐይ ባርኔጣ ገዝታ ጃንጥላ ሳትይዝ ቀረች። ይህ እንኳ ቀላል ስህተት ነው፤ አገሩ ሲደርሱ ይታረማል።

ከባድ የሆነው ሌላ ነው። ክሌር ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስኳር በሽታ አለባት። በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ምግቧን ትመጥናለች፤ ሰዓቷን ትጠብቃለች። ጥንቃቄዋን ያዩ ሐኪሞች ለሌሎች በሽተኞች ምሳሌ አድርገው ይጠቅሷት ነበር። ከመነሳቷ በፊት ታዲያ አንድ ቅጽ ተሰጣት፤ «የጤናዎ ሁኔታ ለሚያርፉበት ቤተሰብ እንዲነገር ይፈቅዳሉ?» ይላል። «አልፈቅድም» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

የተማሪዎቹን ጉዞ የሚያስተባብሩት ሴት ቅጹን አንብበው ቀና አሉ። «አስበሽበታል? ካልፈቀድሽ እኛ መናገር አንችልም፤ ሕጉ አይፈቅድልንም።»

«አስቤበታለሁ» አለች ክሌር። «ሕመሜ የግሌ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ጠብቄ ኖሬያለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ገብቼ በሽተኛዋ መባል አልፈልግም።»

ሴትዮዋ አልተከራከሯትም። ክሌር ባደገችበት አገር የሰው ሕመም እንደ ሰው ደብዳቤ ነው፤ ባለቤቱ ካልከፈተው ማንም አይከፍተውም። እዚያው ብትቀር ኖሮ ተሳሳተች የሚላት ሰው አይኖርም ነበር።

ያረፈችው ከአንድ ትልቅ ወንዝ ማዶ፣ ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ ንብ አርቢ ባልቴት ቤት ነው። የወይዘሮ ይታይሽ ማር በአካባቢው ስሙ የተጠራ ነበር። እንግዳዋ የገባች ዕለት ከነሰፈፉ በሳህን ቆርሰው አቀረቡላት። ክሌር ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ መለሰችላቸው።

«ይቅርታ እማማ፣ ጣፋጭ አይስማማኝም።»

አልዋሸችም። ግን የተናገረችው ግማሹን ነው። ጣፋጭ ነገር ሕይወቷን የሚያተርፍበት ሰዓት ሊመጣ እንደሚችል አልነገረቻቸውም።

ወይዘሮ ይታይሽ ደግሞ ቃል አክባሪ ናቸው። በማግስቱ ለእንግዳዋ ጣፋጭ ነገር እንዳይሰጣት መንደሩ ሁሉ ተነገረው። ሻይዋ ያለ ስኳር ይመጣል። ክርስትና ቤት ስትጠራ ብርዝ የሚቀዳው ሰው እሷ ጋ ሲደርስ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጎ ያልፋታል። በቁጥር የሚቆለፈው ሻንጣዋም ከቆጥ ላይ ተሰቅሎ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት ተከለከለ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ ይታይሽ በበሩ ክፍተት ልጅቷ ሆዷን በቀጭን መርፌ ስትወጋ አዩ። ደነገጡ፤ ግን የእንግዳ ገመና ነው ብለው ለማንም ሳይተነፍሱ ያዙት። እንዲህ ተከባብረው፣ በመከባበራቸው መካከል የአንዲት ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ እንዳለ ሁለቱም ሳያውቁ ከረሙ።

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። አገሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ወይዘሮ ይታይሽ ግን እየጾሙ በየጠዋቱ ለክሌር ቁርስ ይሠሩላታል። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ይህን ማየት አልሆነላትም። መርፌዋን ተወግታ ስትወጣ ሴትዮዋ ባዶ ሆዳቸውን ጭስ ሲጠጡ አገኘቻቸው፤ አፈረች።

«እማማ፣ ይተዉት። ዛሬ ከእርስዎ ጋር እጾማለሁ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ደስ ብሏቸው ጉንጯን ሳሟት። ክሌር መርፌውን አስቀድማ መወጋቷን አልረሳችም፤ ኪሷ ውስጥ ብስኩት ስላለ በመሃል እቀምሳለሁ ብላ ነው። ከዚያ ጤፍ ሊያርሙ ወረዱ። አራሚው ጎን ለጎን ተሰልፎ ነው የሚያርመው፤ ሁሉም ጾመኛ ነው። እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ በግራዋ ያሉትን ሽማግሌ አየች፤ በቀኟ ያለችውን እርጉዝ ሴት አየች፤ መለሰችው። ትንሽ ቆይታ ደግማ ሰደደች፤ አሁንም መለሰችው። ስድስት ሰዓት ገደማ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያልተያያዘ ነገር ስትናገር ሰዎቹ በአገሯ ቋንቋ የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ በአፍጢሟ ተደፋች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ክሌር የሰማችው ከሌሎች ነው።

«ማር አቅምሷት፣ ልቧ ይመለሳል» አለ አንዱ።

«እንዳትነኳት» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «ጣፋጭ አይስማማኝም ብላለች።»

«ሻንጣዋ ውስጥ መድኃኒት ይኖራል፤ እንክፈተው።»

«ቁልፉ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ማን ያውቃል?»

የኢንሹራንሱ ስልክ ቁጥር እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ቢገኝም ኔትወርክ የለም። ስድሳ አራቱ ዕቃ ቤት ቁጭ ብሎ ባለንብረቷ ጭቃ ላይ ተዘረጋች። ያን ጊዜ የቃሬዛ ማኅበሩ ዳኛ ጋሽ ልየው ጥሩምባቸውን አንስተው ነፉ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቃሬዛ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች መካከል በጠፍር የተወጠረ አልጋ ነው። መኪና በማይገባበት አገር በሽተኛ የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው፤ ለዚህ ሲባል በየመንደሩ ማኅበር አለ። ጥሩምባው ሲሰማ የሚያርመውም የተኛውም ይነሳል። አራት ሰው ተሸክሞ ይሮጣል፣ አራት ሰው ከጎን ይሮጣል፤ ሲደክም ሳይቆሙ ትከሻ ይቀያየራሉ። የአንዱ መንደር ሰዎች ጋራው ላይ ሲደርሱ የቀጣዩ መንደር ሰዎች ጥሩምባውን ሰምተው እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። በሽተኛው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር።

ግማሽ ሰዓት እንደሮጡ የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቦርሳዋን ይዛ መንገድ ላይ ቆማ አገኟት። ቃሬዛውን አስወረደች። የልጅቷ እጅ ቀዝቅዟል፣ ላብ አጥምቋታል።

«ዛሬ ምን በላች?»

«ምንም። አብራኝ ጾማለች» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

«የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

ወይዘሮ ይታይሽ ዙሪያቸውን የቆመውን ሰው አዩ። የደበቁት ገመና አፋቸው ላይ ነው። መልሰው የልጅቷን ፊት አዩ። «በየጠዋቱ ሆዷን በቀጭን መርፌ ትወጋለች። በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

«ስኳር በሽታ አለባት ማለት ነው። ተወግታ ሳትበላ ቀርታ ነው። ማር አምጡ፣ ቶሎ በሉ።»

ወይዘሮ ይታይሽ የሠራተኛዋን ክንድ ያዙ። «አይሆንም እህቴ። በገዛ አፏ ከልክላኛለች። ብትሞትብኝስ?»

«ሲበዛባት ነው የሚጎዳት። አሁን ደሟ ውስጥ አልቋል። የምትሞተው ከከለከልናት ነው።»

በአቅራቢያው ካለ ቤት አንዲት ሴት ማር በቅል ይዛ እየሮጠች መጣች። ሠራተኛዋ ልጅቷን በጎኗ አስተኝታ ጉንጯን ከውስጥ በኩል ትንሽ በትንሽ ትቀባት ጀመር። ወይዘሮ ይታይሽ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን አዞሩ። ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ ዋጠች። «አሁን አንሷት፤ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ካልገባላት ይህ ብቻውን አያዛልቃትም» አለች ሠራተኛዋ፤ አነሷት፤ ሮጡ።

ክሌር ዓይኗን የገለጠችው ወንዙ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየችው ዝናብ የያዘ ሰማይ ነበር፤ ቀጥሎ ያየችው እጅ ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ዳር ሰዎች እስከ ደረታቸው ድፍርስ ውሃ ውስጥ ገብተው በሁለት ረድፍ ቆመዋል። የላይኛው ረድፍ ክንድ ለክንድ ተያይዞ የውሃውን ጉልበት ይሰብራል። የታችኛው ረድፍ ቃሬዛውን ከራስ በላይ አድርጎ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋል። ማንም አይጮኽም። አንድ እጅ ሲለቃት ሌላው ይዟታል፤ ሸካራ እጅ፣ የሽማግሌ እጅ፣ ጣት የጎደለው እጅ። ውሃው ከበታቿ ያገሳል፣ እሷ ግን ጠብታ እንኳ አልነካትም። ልጅቷ ፈርታ ነበር፤ ግን ያየችው ነገር ከፍርሃቷ በለጠባት። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። እኔም ስሰማው አፌን ይዣለሁ።

ማዶ ሲያሳርፏት ወይዘሮ ይታይሽ ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቧ ተቀመጡ።

«እማማ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«እኔም አላውቃቸውም ልጄ። የዚህኛው ማዶ ሰዎች ናቸው።»

«ስሜን ያውቃሉ?»

«ከየት አውቀውት።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

ሴትዮዋ ጥያቄው አልገባቸውም። «ሰው ታሟል ተባለ» አሉ ቀለል አድርገው።

አንድ ጎልማሳ ከውሃው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ክሌር ኪሷን ዳበሰች፤ የተፈረካከሰው ብስኩት አለ። ዘረጋችለት። ሰውየው በእጁ ገታት። «ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። አንቺ ብዪ።» ያን ጊዜ ገባት። የተሸከማት ሰው ሁሉ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ማሳው ላይ በእነሱ ፊት መብላት አፍራ ሞት አፋፍ የደረሰች ልጅ፣ አሁን ሁሉም ቆመው እያዩአት፣ እንባዋ እየወረደ ብስኩቷን በላች። ሰዎቹም እስክትጨርስ ጠብቀው አነሷት።

በማግስቱ ግሉኮሱ ተነቅሎላት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ጋሽ ልየው ሊጠይቋት መጡ። ክሌር ለመናገር ብዙ ሞከረች። «ጋሽ ልየው፣ በጣም አስቸገርኳችሁ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ሰው…»

ሽማግሌው አላስጨረሷትም። «አንቺን መሸከም አልከበደንም። ከአንቺ የከበዱ ስንት ሰዎች በዚህ ትከሻ አልፈዋል። የከበደን ሌላ ነው። መድኃኒትሽ የሆነው ማር ቤታችን ነበረ፤ የያዘሽን ግን አናውቅም። ምን እንደሚያድንሽ ሳናውቅ ስንሮጥ ነው የደከመን።»

ክሌር ወደ መንደሩ ስትመለስ የሚገድላትንና የሚያድናትን ለወይዘሮ ይታይሽ አንድ በአንድ አስረዳች፤ እሳቸውም ደጋግመው ጠየቋት፤ በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ አልተዉአትም። ጾሙ እስኪፈታ በየጠዋቱ ቁርሷን አቅርበው እስክትጨርስ ከፊቷ አይነሱም ነበር። በሽተኛዋ ያላት ሰው አልነበረም።

ወገኖቼ፣ መንገድ የሚወጣ ሰው ይዘጋጅ፤ ፓስፖርቱንም ክትባቱንም መድኃኒቱንም ያሟላ። ከዕቃው ሁሉ በፊት ግን አብሮት ለሚያድር ሰው ራሱን ያሳውቅ። የተሟላ ሻንጣ የሚጠቅመው ባለቤቱ በእግሩ እስከቆመ ድረስ ነው፤ የወደቀ ዕለት የሚያነሳው የሰው እጅ ነው፤ ያም እጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ሰዎች እኛን ለመሸከም ፈቃደኛ ሆነው ሳለ ሸክማቸውን የምናከብደው ብዙ ጊዜ በዝምታችን ነው፤ ዝምታውንም ጨዋነት እንለዋለን።

ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። ዛሬ በያላችሁበት ብትወድቁ፣ ከአጠገባችሁ ካሉት ሰዎች መካከል ምን እንደሚያድናችሁ የሚያውቅ ማን ነው?