ጋሽ አጥናፉ ያሸጉት ማዞሪያ

ተረት አምጣ ብላችሁ የለ? እንግዲያው ወንበር ሳቡና ስሙ።

ዓይናለም የምትባል ተመራማሪ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ከማሽኗ አንድ ጨረር። በተፈቀደላት ሃያ ኪሎዋት የሬዲዮ ሞገድ ካልወጣ፣ እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ለሌላ ቡድን ይሰጣል። የሦስት ዓመት ልፋቷን ውኃ በላው ማለት ነው። ፈርታለች።

ጨረሩን «ውጣ» አለችው። «በማሽኑ ውስጥ ያሉት ሃይድሮጅኖች ትርፍ ኤሌክትሮን ሳይዙ ማንን ይዤ ልውጣ?» አላት።

ሃይድሮጅኖቹን «ኤሌክትሮን ያዙ፤ ጨረሩ አልወጣም» አለቻቸው። «ኤሌክትሮን የሚሰጠን የሚያበራው ጋዝ፣ ፕላዝማው፣ ደብዝዞ ከየት እናምጣ?» አሏት።

ፕላዝማውን «ድመቅ፤ ሃይድሮጅኖቹ አልያዙም፣ ጨረሩ አልወጣም» አለችው። «የሬዲዮ ሞገዱን የሚያቀብለኝ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ኃይል ሳያበላኝ በምን አቅሜ?» አላት።

ጥቅሉን «አብላ፤ ፕላዝማው አልደመቀም፣ ሃይድሮጅኖቹ አልያዙም፣ ጨረሩ አልወጣም» አለችው። ጥቅሉ ምን አላት መሰላችሁ? «ምን ደርሶኝ? ከሃያው ኪሎዋት አሥራ ሁለቱን ከደጄ የሚመልሰው፣ ሞገዱን ከእኔ ጋር ሊያስማማ የተቀመጠው የማስማሚያ ሳጥን ነው።»

ሳጥኑን «አሳልፍ እንጂ፤ ጥቅሉ አላበላም፣ ፕላዝማው አልደመቀም፣ ሃይድሮጅኖቹ አልያዙም፣ ጨረሩ አልወጣም» አለችው። «ማዞሪያዬን ጋሽ አጥናፉ አሽገውታል፤ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ?» አላት።

ጋሽ አጥናፉ የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ያስተካከሉትን ማዞሪያ በፕላስተር አሽገው ይፈርሙበታል። የእሳቸውን ፊርማ መንካት በዚያ ቤት ነውር ነው። ዓይናለም ፕላስተሩን ልትልጥ እጇን ዘረጋችና ተወችው፤ ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ማዞሪያው ታሽጓል፣ ሳጥኑ አላሳለፈም፣ ጥቅሉ አላበላም፣ ፕላዝማው አልደመቀም፣ ሃይድሮጅኖቹ አልያዙም፣ ጨረሩ አልወጣም።»

«ሳሽገው ልክ ነበር፤ ቅንጣት ኃይል አልተመለሰም» አሉ።

«ሲያስተካክሉት ፕላዝማው በርቶ ነበር? ሲበራ እኮ የጥቅሉ ጠባይ ይለወጣል።»

«አልነበረም» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ባዶውን ነው የለካሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።» ፕላዝማው በርቶ ሳለ ፊርማቸውን በገዛ እጃቸው ላጡት፤ ማዞሪያውንም ሩብ ዙር አዞሩት።

ሳጥኑ አሳለፈ፣ ጥቅሉ አበላ፣ ፕላዝማው ደመቀ፣ ሃይድሮጅኖቹ ያዙ፣ ጨረሩ ወጣ። ሃያው ኪሎዋት በቃ፣ ተረፈም።

ዓይናለም ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ጋሽ አጥናፉ ግን አላለቀሱም፤ የተላጠውን ፕላስተር እያዩ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሽግ፣ እንዴት አሸግኸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሉ።

እኔ የሰማሁት ይኸው ነው፤ ወንበሩን መልሱ።