የባላንጣ ድርሻ

በጣና ላይ፣ ከዳር በታንኳ የሙሉ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኘው በእንዝርታ ደሴት፣ በወደቀ የዋንዛ ግንድ ላይ ብቻ የሚበቅል ጠይም እንጉዳይ አለ፤ ሌላ አገር አይገኝም ይላሉ። ስሙ «የባላንጣ ድርሻ» ነው፤ የለቀመ ሰው ግማሹን የሚሰጠው ለወዳጁ ሳይሆን ለተጣላው ሰው ነውና፤ ያውም ፊቱን አዙሮ።

እንደሚነገረው፣ ጥንት አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትና ጎረቤቷ አያ ቢያድግልኝ፣ ድንበራቸው ላይ በወደቀ ዋንዛ ተካሰሱ። እሷ «ባሌ የተከለው ነው» ትላለች፤ እሱ «ባልሽ ውሸታም ነበር፣ የአባቴ ነው» ይላል። ሽማግሌዎቹ መፍረድ ቢያቅታቸው፣ ክሱ እስኪያልቅ ግንዱን ስለት እንዳይነካው በቄስ አስገዘቱ። ግንዱ እዚያው ተጋድሞ በሰበሰ፤ ጠቡ ግን አልበሰበሰም። አንጓች እሳት ስታነድ ጭሱ ወደ እሱ ደጅ እንዲሄድላት ነፋስ ትጠብቅ ነበር አሉ፤ እሱ ደግሞ ውሻውን በሟች ባሏ ስም ይጠራ ነበር።

አንድ ዓመት አንበጣ እህሉን ጨረሰው፤ ክረምት ሲገባም ሐይቁ ታንኳ አላሳልፍ አለ። ደሴቲቱ ስትራብ እንጉዳዩ ግንዱ ላይ ፈላ። ሰው ሁሉ ግዝቱን ፈርቶ ሲያልፍ፣ አንጓች ግን «ስለት አይንካው ተባለ እንጂ እጅ አይንካው መች ተባለ?» ብላ በጣቷ ለቀመች፤ ቀቅላም በላች፤ ምንም አልሆነችም።

በሦስተኛው ቀን ከቢያድግልኝ ቤት ጭስ እንደማይወጣ አየች። ሆዷ የራራ እንዳይመስላችሁ፤ ተናደደች። እሱ ከሞተ ክሱ አብሮት ይቀበራል፣ ባሏም ውሸታም እንደተባለ ይቀራል። ግማሹን በቁና ይዛ ብትገባ መደብ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቁናውን ወደ ኋላ ገፋችለት።

«ብላ! አንተ ከሞትህ ማንን ልረታ ነው?»

«መርዝ ነው?» አለ በደከመ ድምፅ።

«መርዝማ ቢኖረኝ እስካሁን ትቆይ ነበር?»

በላ። አላመሰገናትም፤ እሷም አልጠበቀችም። መስከረም ሲጠባ ሁለቱም በምርኩዝ ተደግፈው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡና ስድባቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ክሱ ዛሬም አልተፈረደም። በቅርቡ የቢያድግልኝ ዘር የመጨረሻው ሰው ሲቀበር፣ ከዘመድ ሁሉ አብልጣ ደረቷን የደቃችው ከአንጓች ዘር የሆነች አሮጊት ነበረች ይባላል። ለቀስተኛው ተገርሞ ቢጠይቃት፣ «ወዳጅማ ሞልቶኛል» አለች አሉ፤ «እንዲህ ያለ ባላንጣ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»