ከቆዳ ፋቂው ቤት በላይ

አንድ ገሰሰ የሚባል የመንደር ሹም ነበር። ፍርዱ ፈጣን ነውና ሰው ይወደውም ይፈራውም ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የመንደሩ ልጆች ሆዳቸውን እየታመሙ ይወድቁ ጀመር። ሕፃናትም ተቀበሩ። ሁሉም የሚጠጣው ከአንድ ወንዝ ነውና ውሃው መበላሸቱን ለመገመት ጊዜ አልፈጀም። ጣት የተቀሰረው ከመንደሩ ከፍ ብሎ ወንዙ ዳር በሚኖረው ቆዳ ፋቂ፣ በጥጋቡ ላይ ነበር። ጥጋቡ ቆዳ የሚነክረው ከወንዙ ርቆ በቆፈረው ጉድጓድ መሆኑን ቢምል ቢገዘት ሰሚ አላገኘም። ጎረምሶች ቤቱን ሊያቃጥሉ እሳት ይዘው ተነሡ።

ገሰሰ አስቆማቸው። ጥፋተኛው ጥጋቡ ስለመሆኑ እሱም አልተጠራጠረም፤ ግን ያለ ማስረጃ ፈረደ መባልን አልፈለገም።

ማስረጃ የሚገኝበትን መንገድ የተማረው ከእናቱ ነበር። በዚያ ወንዝ ድንጋዮች ላይ ጥፍር የምታህል፣ ቅርፊቷ እንደ ቆብ የሾለ ቀንድ አውጣ ተለጥፋ ትኖራለች። የምትገኘው ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ እየፈጠነ በሚወርድበት ብቻ ነው፤ ውሃው ከቆመ፣ ድንጋዩንም ዝቃጭ ከሸፈነው ትጠፋለች። እናቱ ከመቅዳቷ በፊት ድንጋይ ገልብጣ እሷን ትፈልግ ነበር።

«ከቤቱ በታች ጠፍታ ከቤቱ በላይ ከተገኘች፣ ውሃውን ያበላሸው እሱ ነው» አለ ገሰሰ። ሕዝቡ ተስማማ።

ጥጋቡን መሐል አድርገው ሽቅብ ወጡ። መንደሩ አጠገብ ድንጋይ ገለበጡ፤ የለችም። ከጥጋቡ ቤት ሥር ገለበጡ፤ የለችም። ጎረምሶቹ ይገፈትሩት ጀመር። ከቤቱ በላይ ገለበጡ። እዚያም የለችም። ድንጋዩ ያሟልጫል፣ ይሸታል። ምናልባት ተሳስተን ይሆናል ብለው ከፍ አሉ፤ አሁንም የለችም። ጥጋቡን አሁን የሚገፈትረው ሰው ግን አልነበረም።

ከፊት የሚመራው ገሰሰ በድንገት ቆመ። ወንዙ ሁለት ጅረቶች ከሚገናኙበት ቦታ ደርሰው ነበር። የቀኙ ከጫካ ይወርዳል። የግራው የሚነሣው ባለፈው በጋ እሱ የከብቶቹን በረት ካዛወረበት ምንጭ ነው። ያዛወረው ከብቶቹ ውሃ ፍለጋ እንዳይደክሙ ብሎ ነበር። ያኔ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

እኔ ልየው ብሎ ብቻውን ወረደ። ከግራው ያነሣው ድንጋይ በእበት ዝቃጭ ተለውሷል። ከቀኙ ባነሣው ላይ ቀንድ አውጣዋ አለች። ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቷል። ፈንቅሎ ቢጥላት ማን ያያል? ሁለቱም ጅረቶች ባዶ ናቸው፣ ቀንድ አውጣዋም ምልክት አትሆንም ይባላል፤ ሕዝቡም ወደ ጥጋቡ ይመለሳል። አውራ ጣቱን ጠርዟ ላይ አሳረፈ። እሷ ይበልጥ ድንጋዩ ላይ ተጣበቀች።

«ምን አዩ ጌታዬ?» አለችው የዝና የምትባል እናት ከዳር ሆና። ልጇን ከቀበረች ገና ሳምንት አልሞላትም።

ገሰሰ ሁለቱን ድንጋዮች ይዞ ዞረ። «ልጅሽን የገደለው የኔ በረት ነው» አላት።

የዝና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

ገሰሰ በዚያው ቀን በረቱን አፈረሰ። ሹመቱንም ሽማግሌዎች ወሰዱበት፤ አልተከራከረም። ከዚያም ጥጋቡን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለው። «ግን ቤቴ ሥር ስትደርሱ ብታቆሙ ኖሮ እኔም አመድ ነበርሁ፤ የልጆቹም ሞት አይቆምም ነበር።»

ወዳጆቼ፣ ጥፋተኛ ስንፈልግ ከምንጠላው ሰው ደጃፍ ስንደርስ ይደክመናል፤ ፍለጋው ያለቀ ይመስለናል። በደሉ ግን ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንድ ንጹሕ ሰው አጥፍተን መከራውን እንደነበረ እንተወዋለን። እናንተስ፣ የጀመራችሁት መንገድ ወደ ገዛ ደጃችሁ ቢያመራ እስከ መጨረሻው ትሄዱበታላችሁ?