ጠቁሮ የኖረው ጠገራ

በጥንቃቄ ብዛት ነገር የሚያበላሽ ሰው ሲያዩ፣ ሽማግሎች ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው የሚወረውሯት አባባል አለች። እንዲያው ከሜዳ የተለቀመች አይደለችም፤ ታሪክ አላት። ሰው የወረቀት ገንዘብ ሳይለምድ፣ ትልቁን ዕቃ በጠገራ ብር፣ ትንሹን በአሞሌ ጨው ሲገበያይ በነበረበት ዘመን፣ ለልጇ ስትል እንቅልፍ የማይወስዳት አንዲት እናት ነበረች። ነገሩ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ስሟ ይመኙሻል ይባላል። ባሏ ሞቶባት ከልጇ ከአበጋዝና ከምራቷ ከእንጉዳይ ጋር ትኖራለች። አበጋዝ የተመሰገነ አራሽ ነው፤ እሷ ግን ደጅ በወጣ ቁጥር «ጅራፉ ዓይንህን እንዳያገኝህ፣ ልጄ!» ትለዋለች። የፈራችው ክፉ በልጇ አልደረሰም፣ በበሬው ደረሰ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ግራ በሬው ከገደል ወድቆ ሞተ። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ቀንጃ ነው፤ ወይ ከሌላ ቀንጃ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፣ ወይ መሬቱን ምርቱን ለሚካፈል አራሽ ለእኩል ሰጥቶ የሰው እጅ እያየ ይከርማል። የመንደሩ ቀንጃዎች ደግሞ እርስ በርስ ተቀናጅተው ጨርሰዋል።

ይመኙሻል ከጎታው ሥር ቆፈረች። ባሏ ለክፉ ቀን የቀበራት እንስራ ወጣች፤ ውስጧ ጠገራ ብር። ለአንድ ደህና በሬ ይበቃል። ግን ከሰል መስሏል።

«ይኸን ይዘህማ ገበያ አትወጣም» አለች። «ቆርቆሮ በብር ስም የሚያዞሩ ወንበዴዎች አሉ ይባላል። ከእነሱ አንዱ ነው ብለው አስረው ቢገርፉህስ?»

«እማዬ፣ ብር ሲቀበር እኮ ይጠቁራል። የማያውቅ ማን አለ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ሂድ ገመድህን ፍተል።»

እሱ ገመዱን ሊፈትል ሲወጣ፣ እሷ አሸዋና አመድ፣ ገል ጨፍልቃ ያደቀቀችውንም ጨምራ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ማሸት ጀመረች። እንጉዳይ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ አንዱን ጠገራ አነሳችና ወደ ፀሐይ ይዛ አገላበጠችው።

«እሜቴ፣ ብሩ ላይ የተቀረጸችው ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«የሩቅ አገር ንግሥት ናት ይላሉ። ባሏ ሞቶባት ነው አሉ እንዲህ የተከናነበችው።»

«ታዲያ ለሐዘንተኛ ደረቷ ምነው እንዲህ ተገለጠ? በአገሯ ብርድ የለም?»

ይመኙሻል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው።

«ትከሻዋ ላይ እንደ ጨሌ የተደረደረውስ?»

«ፈርጥ መሰለኝ። አወይ፣ እድፉም ተሸጉጦ የኖረው እዚያው ነው!» አለችና የንግሥቲቱን ትከሻ በአውራ ጣቷ ያዘችው። እድፉ በፈርጡ መሀል እንደ ቅንቅን ተጣብቋል፤ እሷም እዚያው ላይ ጉልበቷን አፈሰሰች።

«ኧረ ይብቃዎት፤ የሴትዮዋ አፍንጫ ሊያልቅ ነው!»

«ዝም በይ! ባልሽን ልታሳስሪው ነው?»

እንጉዳይ ያነሳችውን ጠገራ ግን አልመለሰችም፤ «ይቺን ደግሞ ደህና አድርጌ ልያት» ብላ በመቀነቷ ቋጠረቻት።

ቅዳሜ ሦስቱም ገበያ ወጡ። አያ ቢተው የሚባል የከብት ነጋዴ አንገቱ የደነደነ ቀይ በሬ ይዞ ቆሟል። አበጋዝ ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን ዳሰሰ፤ ወደደው። ይመኙሻል ኮራ ብላ የሚያብረቀርቀውን ብር ዘረገፈች።

ቢተው አንዱን ድንጋይ ላይ ጣለው፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ነከሰው፤ ጥሩ ነው። የሴትዮዋን ትከሻ ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ፈርጧ የታለ?»

«ምን ፈርጥ?» አለች ይመኙሻል፣ አንዱን ብር አንስታ እያገላበጠች።

«በትከሻዋ ያለው ነዋ! ነገ እኔ ጨው ልገዛበት ብል ማን ይቀበለኛል?»

«ብር አይደለም ወይ?»

«ብርስ ብር ነው፣ እናቴ። ገበያው ግን አያውቀውም።»

ጭቅጭቁን ሰምተው የገበያው ዳኛ ባላምባራስ ወልደ ገሪማ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ጠገራውን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«የባሕር ማዶ ፊደሏን ማንኛችንም አናነብም» አሉ። «እኛ የምናነበው ፈርጧን ነው። አንዷ ነጥብ ከጎደለች ሰው ይጠረጥራል። ለመሆኑ ምን ነክቶት እንዲህ ተላጠ?»

ይመኙሻል በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ያን ጊዜ እንጉዳይ ቀስ ብላ መቀነቷን ፈታችና ያቺን ጥቁሯን ጠገራ ዘረጋች። ቢተው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያሉትን ነጥቦች በጥፍሩ እየነካ ቆጠረ።

«ይኸውላችሁ!» አለ። «እንዲህ ያለ ብታመጡ፣ በሬው ይኼን ጊዜ ደጃችሁ ነበር።»

«ሁሉም እንዲህ ያለ ነበር» አለች ይመኙሻል።

የተላጠውን ብር የተቀበለ የገበያው አንጥረኛ ብቻ ነው፤ እሱ ለጌጥ የሚያቀልጠው ስለሆነ ፈርጥ አይቆጥርም፣ በሚዛን አሳንሶ ይገዛል። በምትኩ የሰጣት ደህና ጠገራ፣ የእንጉዳይ ተጨምሮበት እንኳ፣ ለቀዩ በሬ አልበቃም። አበጋዝ ቀንበር አይቶ የማያውቅ ወይፈን ገዛበት።

«ይወጋሃል፣ ልጄ! ራቅ በል!» አለች ይመኙሻል፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እማዬ» አለ አበጋዝ፣ ወይፈኑ ገመዱን እየነጠቀ ሲያንገዳግደው፣ «ዝናቡ እስኪጠና ማረስ አስተምረዋለሁ። ብቻ እሱንም አሸት አሸት እንዳታደርጊብኝ!»

እንጉዳይ ሳቀች፤ ይመኙሻልም ሳትወድ ሳቀች። ከገበያው መውጫ ላይ ሰዎች «ምን ልትገዙ ወጥታችሁ ነው ይኼን የምትጎትቱት?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባላምባራስ ከኋላ ሆነው መለሱላቸው፦ «ብሯን አጥባ ፈርጧን ጣለች፣ በሬ ብላ ወጥታ ወይፈን ጎትታ ገባች።»