የአሸዋው ሜዳ ፊሽካ

በአንድ ወቅት፣ ከቆላ ከተሞች በአንዷ ውስጥ፣ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ ወንዝ ነበረ። ደረቅ ማለቴ አሥሩን ወር ነው። በክረምት ግን ከተማዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ደጋ የዘነበው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ይመጣል። ደራሽ ይሉታል። ድንጋይና ግንድ እየገፋ ነው የሚወርደው፤ ሰው ሲያገኝም አይመርጥም። እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቃችሁም።

ታዲያ ከዚያ አሸዋ በቀር ኳስ የሚንከባለልበት ሜዳ ከተማዋ አልነበራትም። የቀረው ድንጋይና እሾህ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ሾፌሩ፣ መምህሩ፣ ቦርጫሙ ነጋዴ ሁሉ በየጤና ቡድኑ ሆኖ እሑድ እሑድ እዚያው ይጫወታል። በቀን አራት ጨዋታ። ሕጉ አንድ ነው፦ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን አሸዋው ላይ ሰው አይገኝም። ይህን ፕሮግራም ሠላሳ ዓመት ሳያዛንፉ ያስኬዱት ጋሽ ንጋቱ ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም፣ «ለመስቀል ፊሽካዬን ከሦስቱ ልጆቼ ለአንዱ አስረክባለሁ» አሉ። ፊሽካውን የያዘ ሰው የተጫዋቹንም የተመልካቹንም ነፍስ ያዘ ማለት ነው።

ትልቁ ልጃቸው ምናሴ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ከአንዲት ደቂቃ ላይ እንኳ አይሸርፍም። ሁለተኛዋ አስካለ እግሯ ያውቃል፤ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ከቆመች፣ ደራሹ ገና ሩቅ ሳለ ንዝረቱ ይሰማታል። ትንሹ ፋንታሁን ደግሞ አፍ አለው። ሃያ ሁለት የተቆጣ ወንድ በአንድ ቃል ይመልሳል፤ ሲፈልግም በአንድ ቃል ያስቆጣል።

በነሐሴ የመጨረሻው እሑድ የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ ነበር። አሸናፊው ለሚቀጥለው ዓመት የማለዳውን ተራ ይወስዳል። ደገኛ ይህ ምን ያጣላል ይል ይሆናል፤ በቀትር አሸዋ ላይ ለሮጠ ሰው ግን ከዋንጫ ይበልጣል። ጨዋታው ሳይጋመስ ቀብር መጣ። በዚያች ከተማ አስከሬን አሸዋውን ሲሻገር ኳስ አይመታም፤ ተጫዋቹ ሁሉ ጨዋታውን ጥሎ እስከ ማዶው ዳርቻ ይሸኛል። መቃብሩ ማዶ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ። ተጫዋቾቹ ተመልሰው የባከነውን ደቂቃ ሲቆጥሩ፣ የተሻገሩት ለቀስተኞች መመለሻ እንዳላቸው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ውጤቱ አንድ ለአንድ ነው። ፊሽካው የዚያን ቀን በምናሴ እጅ ነበረና ነፋ።

«ሰዓት ሞልቷል፤ ውጡ» አለ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሕዝቡ ሰደበው፣ አንዱም በጫማ ወረወረው። ምናሴ ግን ሦስት መቶ ተመልካች ከነሕፃናቱ እየገፋ ከአሸዋው አወጣ፤ ከዚያም ዳርቻው ላይ ቆሞ መውረጃውን ዘጋ።

ተጫዋቾቹ አልወጡም። ያስቀራቸው ፋንታሁን ነው።

«ለሞተው ሃያ አምስት ደቂቃ ሰጥተናል» አለ ለወንድሙ። «ለእነዚህ ደግሞ አሥር ብንሰጥ ምን አለበት? አምስት አምስት ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ።»

«ውሃው ቀብር መኖሩን አያውቅም» አለው ምናሴ።

ፋንታሁን ሳቀና ኳሱን የምቱ ነጥብ ላይ አስቀመጠ።

ሦስተኛው ምት ሊመታ ሲል፣ ጫማዋን አውልቃ ከሜዳው ዳር የቀረችው አስካለ እግሯ ሥር አሸዋው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ቀና ስትል፣ ከቀብሩ ሲመለሱ ከዕድሩ ኋላ የቀሩ አሥራ ዘጠኝ አሮጊቶች ከማዶ ወርደው አሸዋው መሐል ደርሰዋል። በልማዱ «ደራሽ!» ብላ መጮህ ነበረባት። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ጩኸቱ ሲሰማ ሰው እርስ በርሱ ተረጋግጦ፣ አንዲት አሮጊት ከእግር ሥር ሞተው ነበር። ስለዚህ አልጮኸችም። ወደ ፋንታሁን ጠጋ ብላ፣ «መጥቷል። እናቶቹን እኔ አመጣለሁ፤ ወንዶቹን ላክልኝ» አለችው። ከዚያ በእርጋታ ሄዳ፣ «እናቶቼ፣ እጅ ለእጅ እንያያዝ፤ በዚህ በኩል» አለቻቸው። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ፋንታሁን፣ «ኳሱን ተዉት! እናቶቻችሁን አውጡ!» አለ። ሃያ ሁለቱም ዞሩ። አሮጊት በጀርባ፣ አሮጊት በትከሻ። የመጨረሻዎቹን አራቱን ውሃው ወገባቸው ላይ ሲደርስባቸው፣ ወንዶቹ ከዳርቻው ጀምረው በእጅ ተያይዘው ሰንሰለት ሠሩ። አራቱም ወጡ። ከሰንሰለቱ ጫፍ የነበረው በረኛው፣ ልብስ ሰፊው ለገሠ ግን አልወጣም፤ ውሃው ከያዘው እጅ ነጠቀው። ጓደኞቹ ሊከተሉት ከዳርቻው ሲንደረደሩ ምናሴ ክንዱን ዘርግቶ፣ «ሌላ ሰው አይወርድም» አለ። ለገሠ ሁለት ጊዜ እጁን አወጣ። ከዚያ ውሃው ብቻ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ደረሰ፤ ከተማዋም ለሦስት ተከፈለች። ምናሴን ቢሰሙት ለገሠ ዛሬ ልብስ ይሰፋ ነበር ያለ አለ፤ ቢሰሙትስ አሮጊቶቹን ማን ያወጣቸው ነበር ያለም አለ። ፋንታሁን አሥራ ዘጠኝ ነፍስ አተረፈ የሚሉ አሉ፤ ያተረፈው ሳያስበው ነው፣ እሱ ያሰበው ኳሱን ነው የሚሉም አሉ። አስካለ ጮሃ ቢሆን ለገሠ ሮጦ ያመልጥ ነበር፤ አሮጊቶቹ ግን ወዴት ይሮጡ ነበር?

መስቀል ደረሰ። ጋሽ ንጋቱ ፊሽካውን ይዘው የለገሠ ሚስት ደብሪቱ ቤት ሄዱ።

«እኔ አባት ነኝ፣ ዓይኔ ያዳላል። አንቺ ምረጪ፤ ጨዋታው ይቅር ካልሽም ይቀራል» አሏት።

ደብሪቱ ፊሽካውን ተቀበለች።

«ቢቀር ደስ ባለኝ፣ ጋሼ» አለች። «ግን አሸዋው እዚያው ነው። ያለ ፊሽካም ይወርዳሉ። የኔው ትልቁ ልጅ፣ ለእሑድ በአባቴ ቦታ በረኛ እቆማለሁ ብሎኛል። እንዳይወርድ ለምኜው እምቢ አለኝ።»

የጋሽ ንጋቱ ሦስቱ ልጆች ደጅ ቆመዋል። አንዳቸውም ቀና ብሎ አላያትም። ፊሽካው በእጇ ነው።

እኔ እስከዚህ አመጣኋችሁ፤ ከዚህ ወዲያ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም። እናንተ ግን ደብሪቱን ብትሆኑ፣ ልጃችሁ በዚያ አሸዋ ላይ በረኛ ሊቆም ሲል፣ ፊሽካውን ከሦስቱ ለየትኛው ትሰጡ ነበር?