የሹሙ ጃንጥላ

አንድ ፎቶ የሚወዱ ሹም የክረምቱን የንባብ ፕሮግራም ሊከፍቱ በዝናብ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት መጡ። ጃንጥላቸውን በሩ ሥር አስደገፉና ወፍራም መጽሐፍ ገልጠው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው በግራም በቀኝም እየዞረ ሲያነሳቸው ቆየ፤ ገጹ ግን ያው ነው።

ፊት ለፊታቸው አንድ ተሸካሚ መጽሐፍ ዘርግቶ በመስኮቱ ዝናቡን ያያል። ሹሙ ይህን ሲያዩ ተቆጡ።

«አንተ፣ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ገጽ አልገለጥክም። ይሄ የዝናብ መጠለያ አይደለም። ለይስሙላ መጽሐፍ የዘረጋ ሰው አሁኑኑ ይውጣ።»

አንባቢው ሁሉ ቀና አለ። ተሸካሚው መጽሐፉን ቀስ ብሎ ከድኖ ተነሳ።

«እሺ ጌታዬ» አለ፤ «ብቻ እርስዎ ጃንጥላ ስላለዎት አብረን እንውጣ።»