ሪባን የታሰረበት ቦኖ

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ተቀመጥና ስማኝ፣ ኦሞድ። አንተ የአንግሊካን አጥቢያችን ሽማግሌ ነህ፣ እኔ ቄስህ ነኝ። ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሰዎች አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጠለሉ ስልህ «ጳጳሱ ሳይባርኩት እንዴት ይሆናል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ወዲያው እመልስልህ ነበር፤ ተናድጄ ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ፈራሁ። ምሳሌ ይሻላል።

ይህ ባለጠጋ ለተወለደበት መንደር የውሃ ቦኖ አሠራ። ደግ አደረገ፤ አልነቅፈውም። የመንደሩ ሰው እስከዚያ ድረስ የሚጠጣው ከብት ከሚገባበት ወንዝ ነበር፤ በየክረምቱም ተቅማጥ ሕፃናቱን ይጨርሳል። ቧንቧው ተዘረጋ፣ ተሞከረ፣ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ። ባለጠጋው ግን ቧንቧውን አስዘግቶ ቀይ ሪባን አሰረበት። ዘበኛም አቆመ። አንድ ትልቅ ሰው ከከተማ መጥተው እስኪመርቁት ድረስ ማንም ንክች እንዳያደርገው አለ። እንግዳውን ማክበሩ ነው እንግዲህ።

እንግዳው በሁለት ሳምንት ይመጣሉ ተባለ። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና ሁለት ወር ሆነ። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ጄሪካን ይዛ መጣች፤ ልጇ በተቅማጥ ደክሞ ቤት ተኝቷል። አንድ ጄሪካን ብቻ ብላ ዘበኛውን ለመነችው። እምቢ ሲላት ባለጠጋው ደጅ ድረስ ሄደች። ምን ቢላት ጥሩ ነው? ትንሽ ታገሺ እንጂ፣ ለእናንተው ብዬ አይደል የሠራሁት አላት! ሴትዮዋ ወደ ወንዙ ወረደች። ሌላ የት ትሂድ? በሦስተኛው ቀን ልጇን ቀበረች።

በመጨረሻ እንግዳው መጡ። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰንጋ ታርዶ፣ መቀስ በትሪ ቀረበላቸው። ሰውን ሰላም ሲሉ ያቺን ሴት በሐዘን ልብስ አዩዋትና ማን እንደሞተባት ጠየቋት። ነገረቻቸው። መቀሱን ትሪው ላይ መለሱና ወደ ባለጠጋው ዞሩ።

«ልጁ የሞተው በእኔ ስም ነው?» አሉት። «እኔ መቼ ጠብቁኝ አልኩ?»

ሪባኑን በእጃቸው በጥሰው ቧንቧውን ከፈቱ። ከሰንጋውም ሳይቀምሱ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ለዚያች እናት ግን ምን ይረባታል?

ያ ባለጠጋ አንተ ነህ፣ ኦሞድ። እኔም ነኝ፤ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁና። ጳጳሱ የተዘጋውን በር በበትራቸው ሦስት ጊዜ መትተው ነው የሚገቡት፣ ከዚያ በፊት አይከፈትም ትለኛለህ። ሥርዓቱን ለእኔ ልታስተምረኝ ነው? ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ሠላሳ ዓመት አገልግዬበታለሁ። ነገር ግን ከሰኞ ጀምሮ ያን በር እየመታች ያለችው የእናቶች ኅብረታችን አባል አሪየት ናት። የባሮ ወንዝ ሞልቶ ቤቷን ወስዶባት፣ የአሥር ቀን ልጇን ታቅፋ ዛፍ ሥር ነው ያለችው። እኛ ደግሞ ወለሉ እንዳይቆሽሽ እንጠብቃለን። አናፍርም እንዴ?

ተነስና ክፈትላት፤ ዝናቡ ሊጥል ነው። ጳጳሱ ቅር ቢላቸው እኔ እጠየቅበታለሁ። በመጡ ቀን በሩን መልሰን እንዘጋዋለን። ሦስቴ ይምቱት፤ ከውስጥ የምትከፍትላቸውም አሪየት ትሁን።